የተከታታይ እርግጫ ታሪክ በቴኳንዶ ውድድር

(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)

አንባብያን ሆይ፤ ሁለት ወጣቶች፤ አንዱ ሰማያዊ ሌላው ቀይ የደረት መከላከያ ታጥቀው፤ በምንጣፍ ላይ ሲራገጡ አይታችሁ እንደ ሆነ ነገሩ ሁሉ የጥድፊያና የግርግር ሥራ ሳይመስላችሁ አልቀረም። እግር ይነሣል፤ እግር ይወርዳል፤ ጩኸት ይሰማል፤ ወዲያውም በሰሌዳው ላይ ቍጥር ይለወጣል። ዓይኑን ያላስለመደ ተመልካች ማን ማንን እንደ መታ ሳይለይ ዙሩ ያልቅበታል። ነገር ግን ያ ግርግር የመሰለው ሥራ እንደ ተሰናዳ ንግግር መነሻና መድረሻ አለው። አንዲት እርግጫ ብቻዋን እንደ አንድ ቃል ናት፤ ሁለትና ሦስቱ ተያይዘው ሲወጡ ግን ሐሳቡ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ስለዚህ ስለ ተያያዘው ጥቃት፤ ማለት በቴኳንዶ ውድድር ስለሚሠራበት ስለ ተከታታይ እርግጫ ታሪክ ነው። ተከታታይ እርግጫ የምንለው ከሁለት የማያንሱ ምቶች፤ ፊተኛው ለኋለኛው መንገድ እየጠረገ፤ በመካከላቸው ዕረፍት ሳይኖር የሚሰነዘሩበትን ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም ዘዴውን የወለዱትም፤ ያሳደጉትም፤ አንድ ጊዜም ሊያጠፉት የተቃረቡት የውድድሩ ደንቦች መሆናቸውን ነው። መምህራንና ተጋጣሚዎች ብዙ ደክመዋል፤ ድካማቸው ወዴት እንደሚያመራ የወሰነው ግን ነጥብ የሚቈጠርበት መስፈሪያ ነበር። መዝገብና ደንብ የዕለት ሥራው ለሆነ አንባቢ ይህ ታሪክ ከስፖርት አዳራሽ ውጭም የሚነግረው ቁም ነገር አለ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኮርያ ለኢትዮጵያ አንባብያን እንግዳ አገር አይደለችም። በ1951 ወደዚያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃና እርሱን ተከትለው የሄዱት ሻለቆች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር የከፈሉት መሥዋዕትነት በየቤቱ የሚነገር ነው። ያ ጦርነት በ1953 በተኩስ ማቆም ስምምነት ቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ፤ በኤፕሪል 11 ቀን 1955፤ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የተባለው የጦር መኰንን ያቀረበው ስም ለአገሪቱ የትግል ጥበብ መጠሪያ እንዲሆን ተመረጠ። ስሙም ቴኳንዶ ነው። «ቴ» በእግር መምታትን፤ «ኳን» በጡጫ መምታትን፤ «ዶ» ደግሞ መንገድን ወይም የኑሮ ሥርዓትን ያመለክታል።

ስሙ አዲስ ቢሆንም ሥራው ከዚያ በፊት የተጀመረ ነበር። ጃፓን ኮርያን ከ1910 እስከ 1945 ድረስ በቅኝ ግዛት በያዘችበት ዘመን ለትምህርት ባሕር ተሻግረው ወደ ጃፓን የሄዱ ኮርያውያን ወጣቶች ካራቴን ተምረው ተመለሱ። በ1944 ቸንግ ዶ ኳን የተባለውን ማሠልጠኛ ያቋቋመው ዎን ኩክ ሊ የታወቀው የካራቴ መምህር የጊቺን ፉናኮሺ ደቀ መዝሙር ነበር። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላም እንደ ሙ ዱክ ኳን፣ ጂ ዶ ኳንና ቻንግ ሙ ኳን ያሉት ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። ኮርያውያን ቴክዮን የሚባል በእግር የሚጫወቱት የቆየ ጨዋታ ነበራቸው፤ ይህ ጨዋታ ለዛሬው ቴኳንዶ ምን ያህል እንዳወረሰ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከጃፓን የመጣው ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በማሠልጠኛዎቹ ውስጥ እንደ በረታ ግን አያጠራጥርም።

የዚያ ትምህርት መሠረት «አንድ ምት ይበቃል» የሚል ነው። ተማሪው ጡጫውን በእንጨት ላይ እየደበደበ የሚያጠነክረው፤ አንዲቱን እርግጫ ሺህ ጊዜ የሚደጋግመው፤ በአንዲት ቅጽበት በአንድ ምት ባላጋራውን ለመጣል ነው። ሁለት ሰዎች ለልምምድ ሲጋጠሙ ደግሞ ምቱ ከገላ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እንዲቆም ይደረጋል፤ ቢደርስ ኖሮ ይጥል ነበር ተብሎ ይፈረዳል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ፍርድ ሁለተኛ ምት ምን ያደርጋል? ፊተኛው ምት በአሳብ ገድሎ ጨርሷል፤ የሞተን ሰው ደግሞ መምታት ትርፍ ሥራ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተያያዘ እርግጫ በልምምድ ላይ ቢታይም በግጥሚያ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ለውጡ የመጣው ኮርያውያን ጥበባቸውን ወደ ሕዝብ ውድድር ሲያወጡት ነው። በ1962 በአገር አቀፉ የስፖርት በዓል ላይ ለትርኢት ቀረበ፤ በሚከተለውም ዓመት በ1963 ከመደበኛዎቹ ውድድሮች እንደ አንዱ ተቈጠረ። በዚህ ጊዜ የተወሰዱት ሦስት ውሳኔዎች የጥበቡን መልክ ለዘለዓለም ለወጡት። የመጀመሪያው፤ ተጋጣሚዎቹ ሆጉ የሚባል የደረት ጥሩር ታጥቀው በሙሉ ኃይላቸው እንዲማቱ መፈቀዱ ነው። ሁለተኛው፤ ፊትን በጡጫ መምታት መከልከሉና ፊትን በእግር መምታት መፈቀዱ ነው። ሦስተኛው፤ ከወገብ በታች ማናቸውንም ምት መከልከሉ ነው።

የነዚህን ውሳኔዎች ውጤት ደረጃ በደረጃ እንመልከት። ምቱ በእውነት ገላ ላይ እንዲያርፍ ከተፈለገ የተመቺው ሰው መሸሽ፣ መከላከልና መልሶ መምታት ይችላል፤ በአሳብ አልሞተምና። ጥሩሩም የመጀመሪያውን ምት ጉዳት ስለሚያለዝብ ሰውየው ቆሞ ይቀራል። ፊቱ በጡጫ እንደማይመታ ያወቀ ሰው ደግሞ እጆቹን ከፊቱ አንሥቶ መያዝ አያስፈልገውም፤ እጆቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጕልበቱና ባቱ እንደማይመቱ፤ እግሩም እንደማይያዝ ያወቀ ሰው እግሩን ያለ ፍርሃት ወደ ላይ ይሰዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም ከክንድ ልክ ወደ እግር ልክ ይሰፋል። በዚህ ሰፊ ርቀት ላይ ነጠላ እርግጫ ሲመጣ ባላጋራው አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ እርግጫዋም አየር መትታ ትቀራለች። ስለዚህ የሚያፈገፍገውን ሰው ተከትላ የምትደርስ ሁለተኛ እርግጫ አስፈለገች። ማንም መምህር «ከዛሬ ጀምሮ ተከታታይ እርግጫ ይሁን» ብሎ አላወጀም፤ ደንቡ ራሱ ጠራው።

በኖቬምበር 1972 በሴኡል ኩኪዎን የሚባለው ማዕከል ተከፈተ። በሜይ 1973 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ከተደረገ በኋላ ወዲያው በዶክተር ኪም ኡን ዮንግ መሪነት የዓለም የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ የሴኡል ደንብ የዓለም ደንብ ሆነ፤ ከደንቡም ጋር ዘዴው ወደ ብዙ አገሮች ተጓዘ።

አሁን፤ አንባብያን ሆይ፤ ወደ ዘዴው ውስጥ ገባ ብለን አሠራሩን እንመልከት። ተጋጣሚ ከባላጋራው ጋር ሲፋጠጥ ጐኑን ሰጥቶ፤ አንድ እግሩን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል። ሁለቱም ግራ እግራቸውን ያስቀደሙ እንደ ሆነ አቋቋማቸው «ዝግ» ይባላል። አንዱ ግራ ሌላው ቀኝ ያስቀደመ እንደ ሆነ ደግሞ «ክፍት» ይባላል። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም የሁሉ ነገር ቁልፍ ነው። በክፍት አቋቋም የኋላ እግር በዙሪያ መጥታ የባላጋራን ሆድ ፊት ለፊት ታገኛለች፤ ይህችም እርግጫ በኮርያ ቋንቋ ዶልዮ ቻጊ ትባላለች፤ በውድድር ሁሉ እጅግ የተለመደችው እርስዋ ናት። በዝግ አቋቋም ግን ያው የኋላ እግር ብትመጣ የምታገኘው የተዘጋውን ጐንና የተደገነውን ክንድ ነው።

እንግዲህ በዝግ አቋቋም የቆመ ተጋጣሚ ምን ያድርግ? መልሱ ናሬ ቻጊ የተባለችው ድርብ እርግጫ ናት፤ ናሬ ማለት ክንፍ ነው። ተጋጣሚው የኋላ እግሩን ወደ ተዘጋው ጐን ይሰዳል። ባላጋራው ያን ለመከላከል ክንዱን ያወርዳል ወይም ወደ ኋላ ይላል። የመጀመሪያዋ እግር ገና መሬት ሳትረግጥ ግን ሁለተኛዋ ከሌላው ወገን ተነሥታ ባዶ የቀረውን ሆድ ትመታለች። ሁለቱ እግሮች በአየር ላይ እንደ ወፍ ክንፍ ተከታትለው ሲንቀሳቀሱ ስለሚታዩ ስሙ በእውነት የተገባ ነው።

የቅኔን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይህን በሰምና ወርቅ ማስረዳት ይቻላል። የመጀመሪያዋ እርግጫ ሰሙ ናት፤ ባላጋራው እርስዋን ሰምቶ ይመልሳል። ወርቁ ግን ከሥርዋ ተሸሽጎ የሚመጣው ሁለተኛው ምት ነው። ሰሙ ደካማ ከሆነ ወርቁን የሚሸሽገው የለም፤ እንዲሁም የመጀመሪያዋ እርግጫ ለማስመሰል ብቻ የተወረወረች መሆንዋ ከታወቀ ባላጋራው ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ መምህራን «የፊተኛዋን ነጥብ እንደምታገኝባት አድርገህ ምታ» ብለው ያዝዛሉ። ባላጋራው ቸል ካለ በእርስዋ ነጥብ ይገኛል፤ ቸል ካላለ በሁለተኛዋ ይገኛል።

ከናሬ ቻጊ ሌላ ተከታታይ እርግጫዎች በሦስት ወይም በአራት ዐይነት ሊመደቡ ይችላሉ። አንደኛው ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ነው፤ ሁለት ጊዜ ሆድን መትቶ ባላጋራው ክንዱን ዝቅ ማድረግ ሲለምድ በሦስተኛው ራሱን መምታት። ሁለተኛው ከዙሪያ ወደ ቀጥታ የሚለወጠው ነው፤ በዶልዮ ቻጊ አስፈግፍጎ፤ ባላጋራው መልሶ ሊመታ ሲነሣ ጀርባን ሰጥቶ በመዞር በተረከዝ ቀጥ አድርጎ መምታት። ይህች የመጨረሻዋ ድዊት ቻጊ ትባላለች፤ በክብ ከሚመጣው እርግጫ ይልቅ የቀጥታው መንገድ ስለሚያጥር ዘግይታ ተነሥታ ቀድማ ትደርሳለች። ሦስተኛው በፊት እግር የባላጋራን ወገብ ገፍቶ ማቆም፤ ያችኑ እግር ሳያሳርፉ ወይም ሌላዋን አንሥቶ በተረከዝ ከላይ ወደ ታች በራሱ ላይ መጣል ነው። አራተኛው እጅን የሚጨምረው ነው፤ በጣም የተጠጋን ባላጋራ በደረቱ ላይ በቡጢ መትቶ ለእግር የሚበቃ ርቀት ማግኘት፤ ከዚያም መርገጥ።

በነዚህ ሁሉ ውስጥ የጥበቡ ልብ ያለው እግሩ ሲነሣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ጀማሪው ረግጦ እግሩን ወደ ነበረበት ቦታ ይመልሳል፤ ሁለተኛዋን ለመጀመር እንደ ገና ይሰናዳል፤ ባላጋራውም በዚህ መካከል ያመልጣል ወይም ይመታዋል። የበሰለው ግን የረገጠበትን እግር ወደ ፊት ያሳርፋል። ያ ማሳረፍ ራሱ እርምጃ ይሆንለታል፤ ርቀቱን ያጠባል፤ ዳሌውንም ለሚቀጥለው እርግጫ ያዞርለታል። የፊተኛው ፍጻሜ ለኋለኛው መጀመሪያ ይሆናል ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ምሳሌ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ እያንዳንድዋ ክር ቀጭን ናት፤ ኃይልዋ ያለው በመያያዝዋ ነው።

ደንብ የጥበብን መልክ እንደሚወስን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ከቴኳንዶ ቤት ራሱ ይገኛል። ጄኔራል ቾይ በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን አቋቁሞ በ1972 ወደ ካናዳ ተሰደደ፤ የዚህም ማኅበር የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና በ1974 በሞንትሪያል ተደረገ። በዚህኛው ዘርፍ ደንብ ኃይልን መጥኖ መምታት እንጂ በሙሉ ጕልበት መምታት አይፈቀድም፤ ደግሞም ራስን በጡጫ መምታት ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ተጋጣሚዎቹ እጃቸውን ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ ተከታታይ ጥቃታቸውም ከእግር ወደ እጅ፤ ከእጅ ወደ እግር ይሸጋገራል። አባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች በሁለት ቤት አድገው ጠባያቸው እንደሚለያይ ሁሉ፤ ሁለቱ ቴኳንዶዎችም በሁለት ደንብ አድገው አመታታቸው ተለያየ። በአገራችንም የሁለቱም ዘርፍ ተማሪዎች ስላሉ ልዩነቱን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የሴኡሉ ዘርፍ በ1988 በሴኡል፤ በ1992 ደግሞ በባርሴሎና ኦሊምፒክ ለትርኢት ቀረበ። በሴፕቴምበር 1994 የዓለም የኦሊምፒክ ኮሚቴ በፓሪስ ባደረገው ጉባኤ መደበኛ ውድድር እንዲሆን ወሰነ፤ ይህም በ2000 በሲድኒ ተፈጸመ። በሴቶች 49 ኪሎ አውስትራሊያዊቷ ሎረን በርንስ፤ በወንዶች 58 ኪሎ የግሪኩ ሚካኤል ሙሩትሶስ አሸነፉ።

በዚያ ዘመን ነጥብ የሚሰጡት በምንጣፉ ማዕዘን የተቀመጡ ዳኞች ነበሩ። ምት ሲያርፍ የያዙትን ቁልፍ ይጫናሉ፤ አብዛኞቹ በአንድ ቅጽበት ከተጫኑ ነጥቡ ይመዘገባል። ይህም የራሱን ጠባይ አመጣ። የዳኛው ዓይንና ጆሮ የሚያምነው ጥርት ብሎ የሚታይና በጥሩሩ ላይ ጮክ ብሎ የሚሰማ ምትን ስለ ሆነ ተጋጣሚዎች ከሚያሳምም ምት ይልቅ የሚጮኽ ምትን ይወዱ ጀመር። በሲድኒ ሆድን መምታትም ራስን መምታትም እኩል አንድ ነጥብ ስለ ነበረ እግርን እስከ ራስ ማንሣት ድካሙ እንጂ ትርፉ አልታየም። ቀድሞ የሚያጠቃውም ራሱን ለመልስ ምት ያጋልጣል። ስለዚህ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ፊት ለፊት እየዘለሉ አንዱ የሌላውን መጀመር የሚጠብቅበት ጊዜ በዛ፤ ተመልካችም ተሰለቸ።

ደንብ አውጪዎቹ ይህን አይተው ከ2004 የአቴንስ ውድድር በፊት ለራስ ምት ሁለት ነጥብ እንዲሰጥ አደረጉ። በአቴንስም በከባድ ክብደት ፍጻሜ ኮርያዊው ሙን ዴ ሱንግ ግሪካዊውን አሌክሳንድሮስ ኒኮላይዲስን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ዞሮ በመታው አንድ የራስ እርግጫ ከምንጣፉ ላይ ዘረጋው። ይህ ምት ቴኳንዶ ምን ያህል ኃይል እንደ ያዘ ለዓለም አሳየ።

የሰው ዓይን ግን ይሳሳታል። በ2008 በቤጂንግ እንግሊዛዊቷ ሳራ ስቲቨንሰን ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችውን ቻይናዊት ቼን ዦንግን በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ራስዋ ላይ መታቻት፤ ዳኞቹ ግን ነጥብ አልሰጡም። የእንግሊዝ ቡድን አቤቱታ አቅርቦ ፊልሙ ታየና ውጤቱ ተገለበጠ። ፍትሕ በመጨረሻ ቢፈጸምም እንዲህ ያለው ነገር የውድድሩን ክብር አሳነሰ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በፊልም የሚጣራ ይግባኝ ተፈቀደ፤ በ2012 በለንደን ደግሞ ምትን ራሱ የሚቈጥር የኤሌክትሪክ ጥሩር በኦሊምፒክ ላይ ሥራ ጀመረ። በ2016 በሪዮ የራስ ቁሩም እንዲሁ ሆነ። በእግር ካልሲው ውስጥ ያለው ምልክት ጥሩሩን ሲነካና የምቱ ኃይል ለክብደቱ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ መሣሪያው ነጥቡን በራሱ ይመዘግባል።

መሣሪያው አያዳላም፤ አይፈራም፤ አይደክምም። ነገር ግን አንባብያን ሆይ፤ መሣሪያው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። የምትን ውበት፣ የዳሌን መዞር፣ የተያያዘውን አሳብ አይለይም፤ መነካትንና ክብደትን ይለካል። ተጋጣሚዎችም ይህን ለመረዳት አልዘገዩም። የኋላ እግርን አንሥቶ በሙሉ ኃይል ከመርገጥ ይልቅ የፊት እግርን አየር ላይ አንጠልጥሎ እንደ ሻሞላ መወጋጋት ይቀልል ነበር፤ ያች እግር የባላጋራን እርግጫ ታግዳለች፤ ሲመች ደግሞ ጥሩሩን ወይም የራስ ቁሩን ነካ ታደርጋለች። ተቃቅፈው ሳሉ እግርን አጥፎ ከጀርባ በኩል ጥሩርን መንካትም የተለመደ ሆነ። የቀድሞዎቹ መምህራን ለዓመታት ያስተማሩት ናሬ ቻጊ በብዙ አዳራሽ ጠፋ። ለመንካት ብቻ ለሚወዳደር ሰው ሰምና ወርቅ ምን ይጠቅመዋል? ተከታታይ እርግጫ በሕይወቱ ታላቁን አደጋ ያየው በዚህ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ለሚዞር እርግጫ የተጨመረው ነጥብ ጥበቡን ከሞት አቆየው። ለዚህም ታላቁ ምሳሌ ከአፍሪካ የመጣ ነው። በሪዮ በ80 ኪሎ ፍጻሜ የኮትዲቯር ተጋጣሚ ሼክ ሲሴ በእንግሊዛዊው ሉታሎ መሐመድ 6 ለ 4 ተመርቶ ግጥሚያው ሊያልቅ አንድ ሰኮንድ ያህል ቀርቶት ነበር። መሐመድ እስኪደወል መጠበቅ ብቻ ነበረበት። በዚያች ቅጽበት ሲሴ ዞሮ ራሱን መታው፤ ለዚህ ምት የተወሰነው 4 ነጥብ ተጨመረለት፤ 8 ለ 6 አሸነፈ። ለአገሩ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይህ ነው። ለራስ ምትም ለሆድ ምትም አንድ ነጥብ ብቻ በሚሰጥበት በሲድኒ ደንብ ቢሆን ኖሮ ያችው እርግጫ አታድነውም ነበር። ያችው እግር፤ ያው ድፍረት፤ መስፈሪያው ግን የተለየ!

በ2017 ደንብ አውጪዎቹ እንደ ገና ተሰበሰቡ። ሆድን በእግር መምታት ከአንድ ወደ ሁለት ነጥብ ከፍ አለ፤ በደረት ላይ የሚያርፍ ቡጢ አንድ ነጥብ ሆኖ ቀረ። እግርን አንሥቶ ማገድ፣ መውደቅ፣ ከምንጣፉ ክልል መውጣት ለባላጋራ ወዲያውኑ አንድ ነጥብ የሚያሰጥ ቅጣት ሆኑ። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ውድድር ራስን መምታት 3፣ ዞሮ ሆድን መምታት 4፣ ዞሮ ራስን መምታት 5 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚያጠቃ ይጠቀም፤ የሚሸሽ ይክፈል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ዙር ለብቻው እየተፈረደ ከሦስት ሁለቱን ዙር ያሸነፈ አሸናፊ እንዲሆን ተደረገ፤ የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክም የተካሄደው በዚሁ ነው። ቀድሞ በመጀመሪያው ዙር ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ሰው በቀሩት ዙሮች መሸሽ ይችል ነበር፤ በዚህኛው ግን ያለፈው ዙር ትርፍ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ በየዙሩ እንደ ገና ማጥቃት ግድ ይላል።

ይህ ሁሉ ለውጥ የጥበቡ እናት ለሆነችው ለኮርያ ከባድ ፈተና ነበር። በቶኪዮ፤ ቴኳንዶ መደበኛ የኦሊምፒክ ውድድር ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ኮርያ አንድም የቴኳንዶ ወርቅ ሳታገኝ ተመለሰች። አዲሱን መስፈሪያ ፈጥነው የተማሩት ሌሎች ነበሩና። ኮርያውያን ግን ደንቡን ከመውቀስ ይልቅ ተምረው ተመለሱ፤ በፓሪስ በወንዶች 58 ኪሎ ፓክ ቴ ጁን፤ በሴቶች 57 ኪሎ ኪም ዩ ጂን ወርቅ አገኙ።

በሌላ በኩል ደግሞ ለውጡ በስፖርት ብዙ ሀብት ለሌላቸው አገሮች በር ከፈተ። ጋቦን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያዋን ያገኘችው በ2012 በቴኳንዶ ነው፤ አንቶኒ ኦባሜ በፍጻሜው ከኢጣልያዊው ካርሎ ሞልፌታ ጋር 9 ለ 9 እኩል ወጥቶ በዳኞች ብልጫ ፍርድ የብር ሜዳልያ ወሰደ። ዮርዳኖስ በ2016 በአሕመድ አቡጋውሽ የመጀመሪያውን ሜዳልያዋን፤ ያውም ወርቅ፤ ያገኘችው በዚሁ ጥበብ ነው። በዚያው ዓመት የኒጀሩ አብዱል ረዛቅ ኢሱፉ የብር ሜዳልያ ተቀበለ። አገራችን ኢትዮጵያም በቶኪዮ በዚህ ውድድር ተወክላለች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሰው የሚሠራው በተመሰገነበት ልክ ብቻ አይደለም፤ በተቈጠረበት ልክም ነው። የሚጮኽ ምት ሲቈጠር የሚጮኽ ምት በዛ፤ መንካት ሲቈጠር መንካት በዛ፤ ድፍረት ሲቈጠር ድፍረት ተመለሰ። ተጋጣሚዎቹ በዘመኑ ሁሉ ብልሆችና ታታሪዎች ነበሩ፤ ብልኀታቸውን ወደ ጥበብ ወይም ወደ ማጭበርበር የመራው ግን መስፈሪያው ነው። በማናቸውም ሥራ ላይ መስፈሪያ የሚያወጣ ሰው፤ ለተማሪ ፈተና ቢሆን፤ ለጸሓፊ የፋይል ቍጥር ቢሆን፤ ለአስተዳዳሪ የገቢ መጠን ቢሆን፤ ይህን ኃላፊነት ሊዘነጋው አይገባም። የሚቈጠር ፋይል ብቻ ከተጠየቀ ፋይሉ ይቈጠራል፤ የባለ ጉዳዩ ጉዳይ ግን ላይፈጸም ይችላል። ደንብ አውጪ ያወጣውን ደንብ ከሥራው ፍሬ ጋር እያመዛዘነ በየጊዜው መመርመርና ሲያስፈልግም ያለ እፍረት ማረም ይገባዋል። የቴኳንዶ ሹማምንት በዚህ ረገድ የሚመሰገኑት ስላልተሳሳቱ አይደለም፤ የተሳሳተውን መስፈሪያ ስላልተሟገቱለት ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ከእንግዲህ የቴኳንዶ ግጥሚያ ለማየት ዕድል ስታገኙ ዓይናችሁን ከተነሣችው እግር ላይ አታድርጉ፤ እርስዋ ለባላጋራው የተላከች ሰም ናት። መሬት የቀረችውን እግርና የወገብን አዟዟር ተመልከቱ። የመጀመሪያዋ እግር የት እንደምታርፍ፤ ሁለተኛዋም ከየት እንደምትነሣ ያስተዋለ ሰው ነጥቡ በሰሌዳው ላይ ከመታየቱ በፊት ያውቀዋል። ያን ጊዜ ግርግር የመሰለው ነገር ሥርዓት ሆኖ ይታያችኋል።